ካንዴላ በመልኩ አይሸጥም
ስለ አሮጌ የቤንዚን ሞተሮች የእሳት መሣሪያና ስለ መለዋወጫው ንግድ

ክረምቱ አልፎ የጉደርና የሁሉቃ ወንዞች ከድፍርስነታቸው ሲጠሩ፣ በምዕራብ ሸዋ በየወንዙ ዳር የሚያለሙ አትክልተኞች በየቤታቸው ጥግ የከረሙትን የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ወደ ማሳ ማውጣት ይጀምራሉ። በበጋ የሚበቅለው ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ድንችና ጥቅል ጎመን ለገበያ የሚበቃው ውኃ በየጊዜው ሲያገኝ ነው። ሞተሩ በተነሣበት ቀን መደቡ ይጠጣል፤ ሞተሩ እንቢ ያለ እንደ ሆነ ግን ችግኙ ከቀን ወደ ቀን እየጠወለገ ይሄዳል፤ ለዘር፣ ለማዳበሪያና ለጉልበት የወጣው ገንዘብም አብሮት ይጠፋል። ለዚህ ሁሉ ጥፋት ምክንያት የሚሆነው ነገር ብዙ ጊዜ ከአውራ ጣት እምብዛም የማይበልጥ ካንዴላ ወይም በቮላኖው ሥር የተሸሸጉ ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች መሆናቸው ሲታሰብ፣ ነገሩ የመካኒክ ብቻ ሳይሆን የነጋዴም ጉዳይ መሆኑ ይገባል።

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ሆለታን፣ አዲስ ዓለምንና ጊንጪን አልፎ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ሀገረ ሕይወት ትባል ወደ ነበረችው ወደ አምቦ ይደርሳል፤ ከዚያም በጉደርና በጌዶ በኩል ወደ ባኮ ይቀጥላል። አገሩ ለእርሻ የተመቸ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል፤ ዛሬ አምቦ ዩኒቨርሲቲ የሚባለውም በ1939 ዓ.ም. ሲቋቋም የእርሻ ትምህርት ቤት ነበር። በዚህ መሥመር ላይ የሞተር መለዋወጫ የሚሸጡ ባለሱቆች ዕቃቸውን በአብዛኛው የሚያመጡት ከአዲስ አበባ፣ ይልቁንም ከመርካቶ ነው፤ የመርካቶው ነጋዴም በበኩሉ ከአስመጪው ይረከባል። እንግዲህ በአስመጪው የትእዛዝ ወረቀት ላይ የተጻፈ አንድ የተሳሳተ ቁጥር ከእጅ ወደ እጅ አልፎ በመጨረሻ የሚያርፈው በጉደር ዳር ባለው አትክልተኛ ሞተር ላይ ነው።

አንድ ካንዴላና አንድ ሞተር

ነገሩን በምሳሌ ማስረዳት ይሻላል። አንድ አዛውንት አትክልተኛ በገበያ ቀን ጥላሸት የለበሰ አሮጌ ካንዴላ በመሐረብ ጠቅልለው ወደ አንድ ሱቅ ገቡ እንበል። «ልጄ፣ ይህን የመሰለ ካንዴላ ይኖርሃል?» ብለው ይጠይቃሉ። ባለሱቁም የአሮጌውንና የአዲሱን ራስ አስተያይቶ፣ «አለ ኦቦ፤ ይኸው፣ ቁርጥ እርሱን ነው» ይላል። ዋጋው ይከፈላል፤ ካንዴላውም በሞተሩ ራስ ላይ ያለ ችግር ይገባል። ነገር ግን ጥርስ ያለው የአዲሱ አንገት ከአሮጌው በጥቂት ሚሊሜትር የረዘመ እንደ ሆነ፣ የማስነሻው ገመድ በተሳበ ጊዜ ፒስተኑ ወይም ቫልቩ ከካንዴላው ጫፍ ጋር ይጋጫል። አዛውንቱ አንድ ካንዴላ ገዝተው አንድ ሞተር አጡ ማለት ነው። ባለሱቁም ከካንዴላው ትርፍ ብዙ እጥፍ የሚበልጠውን የደንበኛውን እምነት ያጣል።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ የዋሸ ሰው የለም። ጥፋቱ ካንዴላን እንደ ሻማ ወይም እንደ ክብሪት በመልኩ መሸጥ ነው።

እሳቱ ከወዴት ይመጣል?

የቤንዚን ሞተር ለመሥራት ሦስት ነገር ይፈልጋል፤ ይኸውም አንደኛ ነዳጅና አየር በልክ መደባለቃቸው፣ ሁለተኛ ድብልቁ በሲሊንደሩ ውስጥ መታመቁ፣ ሦስተኛ በተገቢው ቅጽበት እሳት ማግኘቱ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን አየሩ ሲታመቅ በሚፈጠረው ሙቀት ነዳጁን ስለሚያቀጣጥል ካንዴላ አያሻውም። ስለዚህ በናፍጣ የሚሠሩት የእህል ወፍጮዎችና ትላልቆቹ የእርሻ ትራክተሮች ከዚህ ጉዳይ ውጭ ናቸው። ጉዳዩ የሚመለከተው ቤንዚን የሚጠጡትን አነስተኛ የውኃ መሳቢያዎች፣ ትንንሽ ጀኔሬተሮች፣ የጓሮ ትራክተሮች፣ ሞተር ብስክሌቶችና አሮጌ አውቶሞቢሎች ነው።

ጀርመናዊው ኒኮላውስ ኦቶ በ1876 እ.ኤ.አ. ባለ አራት ምት ሞተሩን ሲሠራ ድብልቁን ያቀጣጥል የነበረው በትንሽ ነበልባል ነበር። በ1887 እ.ኤ.አ. ሮበርት ቦሽ በቋሚ ሞተሮች ላይ የሚያገለግል ማግኔቶ ሠራ፤ በ1902 እ.ኤ.አ. ደግሞ የእርሱ ባልደረባ ጎትሎብ ሆኖልድ ከፍተኛ ቮልት የሚሰጠውን ማግኔቶ ከካንዴላ ጋር አቀናጅቶ አቀረበ። ከጥቂት ዓመታት በኋላም አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ እሳቱን ከባትሪ የሚያገኘውን ሥርዓት ለካዲላክ አውቶሞቢሎች አዘጋጀ። ማግኔቶና ባትሪ እስከ ዛሬ ድረስ የአሮጌ ሞተሮች ሁለቱ የእሳት ምንጮች ናቸው።

ኢትዮጵያም ከዚህ ታሪክ ብዙ አልዘገየችም። ዳግማዊ ምኒልክ ከአዲስ አበባ እስከ አዲስ ዓለም ያለውን መንገድ ያሠሩት በ1890ዎቹ ዓ.ም. ሲሆን፣ እንግሊዛዊው ቤንትሊ የመጀመሪያውን አውቶሞቢል ይዞ አዲስ አበባ የደረሰው በ1900 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ለብዙ ዓመታት ያገለገሉት ሰማያዊና ነጭ የላዳ ታክሲዎችም፣ በባለቤቶቻቸው ዘንድ እጅግ የተወደዱት የጥንቶቹ ፎልክስዋገኖችም እሳታቸውን ያገኙት በባትሪ፣ በኮይልና በዲስትሪቢዩተር ነበር።

ትንሹ የውኃ መሳቢያ ባትሪ ስለሌለው የሚሠራው በማግኔቶ ነው። በቮላኖው ላይ የተተከለው ማግኔት በኮይሉ አጠገብ ፈጥኖ ሲያልፍ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይወለዳል። በኮይሉ ውስጥ ሁለት ጥቅሎች አሉ፤ አንደኛው ጥቂት ዙር ያለው ወፍራም ሽቦ፣ ሁለተኛው ብዙ ሺህ ዙር ያለው እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ነው። ኮንታክት የሚባሉት ሁለቱ ነጥቦች ተጋጥመው ሳሉ ኤሌክትሪኩ በወፍራሙ ሽቦ ይዞራል፤ ነጥቦቹ በድንገት ሲላቀቁ ግን ይቋረጣል። በዚያች ቅጽበት በቀጭኑ ሽቦ ውስጥ ከ10,000 ቮልት የሚበልጥ ኃይል ይነሣና በካንዴላው ጫፍ ላይ ያለውን ክፍተት ይዘላል። ሞተሩ በደቂቃ 3,600 ጊዜ የሚዞር ከሆነና ቮላኖው በዞረ ቁጥር እሳት የሚወጣ ከሆነ፣ ይህ ሥራ በአንድ ሰከንድ ውስጥ 60 ጊዜ ይፈጸማል ማለት ነው።

የሚያረጁት ክፍሎች

በአሮጌ ሞተር ላይ ቶሎ የሚያረጁት ኮንታክቱና ኮንደንሰሩ ናቸው። ሞተሩ ክረምቱን ያለ ሥራ ሲቆም እርጥበቱ በኮንታክቱ ነጥቦች ላይ ስስ የዝገት ልባስ ያሳድራል። ልባሱ ለዓይን ባይጎላም ኤሌክትሪክ ለመከልከል ይበቃል። ስለዚህ በሰኔ ደኅና ሆኖ የተቀመጠ ሞተር በኅዳር እሳት አልሰጥ ቢል ሊያስደንቅ አይገባም። በብዙዎቹ የአሜሪካ ስሪት አሮጌ ትንንሽ ሞተሮች፣ ለምሳሌ በብሪግስ ኤንድ ስትራተንና በኮለር ሞተሮች ላይ፣ ኮንታክቱ በሙሉ ሲከፈት ሊኖረው የሚገባው ክፍተት 0.5 ሚሊሜትር ያህል ነው። በጥንቱ ፎልክስዋገን ላይ ደግሞ 0.4 ሚሊሜትር ነው። ክፍተቱ በስስ የብረት ቅጠል መለኪያ እንጂ በዓይን ግምት አይስተካከልም።

ኮንደንሰሩ ነጥቦቹ ሲላቀቁ በመካከላቸው የሚነሣውን ብልጭታ የሚያስታግሥ መሣሪያ ነው። አዲስ ኮንታክት በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተቃጥሎና ተቦርቡሮ የተገኘ እንደ ሆነ፣ ጥፋቱ የኮንታክቱ ሳይሆን የኮንደንሰሩ ሊሆን ይችላል። ደንበኛው ኮንደንሰሩን ሳይለውጥ ኮንታክት እየደጋገመ የሚገዛ ከሆነ፣ ባለሱቁ ለጊዜው ያተርፍ ይሆናል፤ ደንበኛው ግን ዕቃው የማይረባ መስሎት ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ሁለቱን አብሮ መሸጥ ለሁለቱም ወገን ይበጃል።

በኮይሉና በቮላኖው መካከል ያለው ክፍተትም በልክ መሆን አለበት። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ ይህ ክፍተት አንድ የጎብኚ ካርድ በመካከላቸው የሚያስገባ ያህል፣ ማለትም 0.3 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ነጋዴ ሁልጊዜ በኪሱ የሚይዛት ካርድ ለዚህ ሥራ መዋሏ የታወቀ የመካኒክ ዘዴ ነው። ቮላኖውን ከዘንጉ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ የብረት ቁልፍም አንዳንድ ጊዜ በግማሽ ይቆረጣል። ያን ጊዜ እሳቱ ይወጣል፣ ነገር ግን ያለ ጊዜው ይወጣል፤ ሞተሩም ይተኩሳል ወይም ገመዱን ከእጅ መልሶ ይነጥቃል እንጂ አይነሣም። ካርቡራቶሩን ደጋግሞ መፍታት ይህን ችግር አያስወግደውም።

ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብሪግስ ኤንድ ስትራተን ኮንታክት የሌለውን ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ በሞተሮቹ ላይ መትከል ጀመረ፤ ዛሬ የሚሠሩት አዳዲስ ሞተሮችም በአብዛኛው ይህን የመሰለ መሣሪያ የያዙ ናቸው። በነዚህ ላይ የሚጸዳ ነጥብ የለም፤ ኮይሉ ከሞተ የሚለወጠው እንዳለ ነው። ስለዚህ ባለሱቁ ደንበኛውን አስቀድሞ ሊጠይቀው የሚገባው ጥያቄ፣ «ሞተሩ ኮንታክት ያለው ነው ወይስ የሌለው?» የሚል ነው።

ስለ ካንዴላ ቁጥሮች

በካንዴላ ላይ የተጻፉት ፊደሎችና ቁጥሮች ለጌጥ የተጻፉ አይደሉም። የመጀመሪያው ጉዳይ የአንገቱ ርዝመት ነው። ወርዳቸው 14 ሚሊሜትር የሆኑ ካንዴላዎች በአንድ ዓይነት ጥርስ ይገባሉ፤ የአንገታቸው ርዝመት ግን 9.5 ወይም 12.7 ወይም 19 ሚሊሜትር ሊሆን ይችላል። በምሳሌው የተነገረው ጥፋት የሚመጣው ከዚህ ነው። በተቃራኒውም አጭሩ በረጅሙ ቦታ የገባ እንደ ሆነ፣ ባዶ የቀረው ጥርስ ጥላሸት ይሞላበታል፤ እሳቱም ወደ ድብልቁ እንደሚገባ ስለማይደርስ ሞተሩ ይደክማል።

ሁለተኛው ጉዳይ የሙቀት ደረጃው ነው። የካንዴላው ጫፍ ጥላሸቱን በራሱ አቃጥሎ እንዲጸዳ ከ450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያላነሰ ሙቀት ያስፈልገዋል፤ ከ850 ዲግሪ በላይ የጋለ እንደ ሆነ ግን ድብልቁን ያለ ጊዜው ያቀጣጥልና ፒስተኑን ይጎዳል። ስለዚህ ፋብሪካዎች ሙቀታቸውን ቶሎ የሚለቁ ቀዝቃዛ ካንዴላዎችንና ሙቀታቸውን የሚይዙ ሞቃት ካንዴላዎችን ይሠራሉ። አስመጪዎች ልብ ሊሉት የሚገባው፣ የቁጥሩ አቆጣጠር እንደየፋብሪካው የሚለያይ መሆኑን ነው። በጃፓኑ ኤን ጂ ኬ አጻጻፍ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ካንዴላው ይቀዘቅዛል፤ በቦሽና በቻምፒዮን አጻጻፍ ግን ቁጥሩ በጨመረ መጠን ካንዴላው ይሞቃል። የአንዱን ፋብሪካ ቁጥር በሌላው መተርጎም የሚቻለው በማመሳከሪያ ሰንጠረዥ ብቻ ነው።

የታወቁ ፋብሪካዎችን ስም አስመስለው የሚሠሩ ሐሰተኛ ካንዴላዎች በልዩ ልዩ አገሮች ገበያ መገኘታቸውን ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ደጋግመው አስታውቀዋል። ማኅተሙ የደበዘዘ፣ የመካከለኛው ዘንግ ጫፍ ወደ አንድ ወገን ያዘነበለ፣ ወይም ቀለበቱ ያለ ድካም የሚወልቅ ካንዴላ ሲገኝ መጠራጠር ተገቢ ነው።

የደጋው አየርና የወንዙ ዳር

አምቦ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ሆለታ ደግሞ ከዚህ ትበልጣለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት እጅ አንዱ ያህል ያነሰ ነው። ለቆላና ለባሕር ዳርቻ ተስተካክሎ የመጣ ካርቡራቶር በደጋው አየር ቤንዚን ያበዛል፤ የበዛውም ቤንዚን ካንዴላውን በደረቅ ጥላሸት ያጠቁረዋል። የሆንዳ ኩባንያ የትንንሽ ሞተሮች መመሪያ እንደሚያስረዳው፣ የሞተር ጉልበት በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3.5 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ከ1,500 ሜትር በላይ ለሚሠራ ሞተርም የካርቡራቶሩ ማስተካከያ እንዲለወጥ ይመከራል። በዚህ ስሌት በአምቦ ከፍታ የሚሠራ ሞተር የጉልበቱን ሩብ ያህል ያጣል ማለት ነው። እንግዲህ በየወሩ ካንዴላ የሚገዛ ደንበኛ ሲመጣ፣ ለደጋ የሚሆን አነስተኛ ቀዳዳ ያለው የካርቡራቶር ጄት መኖሩን መንገር ከአሥር ካንዴላ ሽያጭ የበለጠ አገልግሎት ነው።

ካንዴላው ራሱ የሞተሩን ጤና ይናገራል። ጫፉ ቡናማ የሆነ እንደ ሆነ ሞተሩ ደኅና ነው። በደረቅ ጥላሸት የጠቆረ እንደ ሆነ ቤንዚን በዝቷል ወይም የአየር ማጣሪያው ታፍኗል። በዘይት የራሰ እንደ ሆነ የፒስተኑ ቀለበቶች አርጅተዋል። የነጣና የተቃጠለ እንደ ሆነ ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሏል። ይህን የሚያውቅ ባለሱቅ ደንበኛው በመሐረብ ጠቅልሎ ያመጣውን አሮጌ ካንዴላ ወደ ቆሻሻ ከመጣሉ በፊት ያነበዋል።

ሌላም ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። በአንዳንድ የውኃ መሳቢያ ሞተሮች ውስጥ ዘይቱ ከልኩ ሲያንስ እሳቱን የሚያቋርጥ መቆጣጠሪያ ተተክሏል። ሞተሩ በወንዝ ዳር ቁልቁለት ላይ አዘንብሎ የተቀመጠ እንደ ሆነ፣ ዘይቱ ወደ አንድ ወገን ስለሚሸሽ መቆጣጠሪያው ዘይት የጎደለ መስሎት እሳቱን ይዘጋል። ባለቤቱም ኮይል ሊገዛ ወደ ከተማ ይገሰግሳል፤ መድኃኒቱ ግን ዘይቱን መሙላትና ሞተሩን በተስተካከለ መሬት ላይ ማስቀመጥ ነበር። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ እንደሚባለው ሁሉ፣ ኮይል ከመሸጥ አስቀድሞ ስለ ዘይቱና ስለ ማጥፊያው መጠየቅ ይገባል።

እሳት መኖሩን ለመፈተን ካንዴላው ተፈትቶ ከሽቦው ጋር ከተያያዘ በኋላ በሞተሩ ብረት ላይ ተደግፎ ገመዱ ይሳባል። ይህ ሲደረግ ካንዴላው ከተፈታበት ቀዳዳ መራቅ፣ የፈሰሰ ቤንዚንም አስቀድሞ መጠረግ አለበት፤ በቀዳዳው የሚወጣው የቤንዚን ተን በዚያው እሳት ሊቀጣጠል ይችላልና።

ለነጋዴው የሚቀረው ሥራ

በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ አውቶሞቢል በቀር ሌላ የቤት አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ይታወሳል። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጓል፤ ከዚያም ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ በብር ሲታሰብ ዋጋው ከፍ ብሏል። የመጀመሪያው ውሳኔ ስለ አውቶሞቢል እንጂ ስለ ውኃ መሳቢያ አይደለም። ሆኖም ሁለቱም ነገሮች ወደ አንድ መደምደሚያ ያደርሳሉ፤ ይኸውም በአገር ውስጥ ያለው አሮጌ የቤንዚን ሞተር እየተጠገነ ብዙ ዓመት ማገልገል እንደሚኖርበትና በውጭ ምንዛሪ የገባ አንድ የተሳሳተ መለዋወጫ ከቀድሞው የከበደ ኪሣራ መሆኑ ነው።

ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። በአሜሪካ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በኮለር ሞተር የተሠሩት የኩብ ካዴት የጓሮ ትራክተሮች ዛሬም በባለቤቶቻቸው እጅ ይሠራሉ። ዕድሜያቸው የረዘመው ብረታቸው ጠንካራ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም፤ ኮንታክታቸው፣ ኮንደንሰራቸውና ኮይላቸው እስከ አሁን በቁጥር እየታዘዘ ስለሚገኝም ነው።

ስለዚህ አስመጪው ትእዛዙን ሲጽፍ የሞተሩን ስም ብቻ ሳይሆን ሞዴሉን፣ የካንዴላውን ሙሉ ቁጥር፣ የኮይሉን ቮልት፣ ይኸውም 6 ወይም 12 መሆኑን፣ አስተካክሎ ይጻፍ። ከዕቃው ጋርም የማመሳከሪያውን ሰንጠረዥ ለጅምላ ነጋዴው ይላክ። ባለሱቁ ካንዴላዎቹን በየአንገታቸው ርዝመት ለይቶ በተለያየ ሣጥን ያኑር፤ ከሣጥናቸው አውጥቶ በአንድ ዕቃ አይቀላቅል። አንድ የቅጠል መለኪያና አንድ ማስመሪያ በሱቁ ጠረጴዛ ላይ ይኑሩ። ደንበኛው ቁጥሩ የጠፋ ካንዴላ ይዞ ሲመጣ አንገቱ ይለካ፤ የሞተሩም ሞዴል ይጠየቅ፤ ካልታወቀም ሞተሩ እስኪታይ ድረስ ሽያጩ ይቆይ።

በሰኔ ሞተሩን ለክረምት ለሚያኖር ደንበኛም ምክር መስጠት ተገቢ ነው። ቤንዚኑ ይቀዳ፤ ካንዴላው ተፈትቶ በቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይት ይጨመር፤ ገመዱ ቀስ ተብሎ አንድ ሁለት ጊዜ ይሳብ፤ ካንዴላው ተመልሶ ይጥበቅ፤ ሞተሩም ከእርጥብ መሬት ከፍ ተደርጎ ይሸፈን። ይህን ምክር መስጠት ባለሱቁን ምንም አያስወጣውም።

በመሐረብ የተጠቀለለ ካንዴላ ይዘው የገቡት አዛውንትም እንዲህ ያለ ሱቅ ቢገጥማቸው ታሪኩ ሌላ በሆነ ነበር። ባለሱቁ የአሮጌውን አንገት ለክቶ፣ «ኦቦ፣ የእርስዎ አጭሩ ነው፤ ይኼኛው ሞተርዎን ይሰብርብዎታል» ባላቸው ነበር። በዚያ ቀን አጭሩ ካንዴላ በሱቁ ባይገኝ እንኳ አዛውንቱ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ሞተራቸው ደኅና ነው፤ በሚቀጥለውም የገበያ ቀን ተመልሰው የሚመጡት ወደዚያው ሱቅ ነው።